ቆላው የት ያበቃል፣ ደጋው የት ይጀምራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ኢትዮጵያ ደጋማና ቆላማ አካባቢዎች ወሰን ናቸው። ከፍታው ሁሉ ከባሕር ጠለል በላይ በሜትር፣ ሙቀቱ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቀምጧል። ከተሞች ዳገትና ቁልቁለት ላይ ስለሚዘረጉ የተሰጠላቸው ከፍታ እንደ ሰፈሩ ከፍም ዝቅም ይላል።

በአንድ ቁጥር መልሱልኝ፤ ወሰኑ ስንት ሜትር ላይ ነው?

1,500 ሜትር። አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ካለብዎ ይህንን ይያዙ፤ በጥናትና በዕቅድ ሥራ በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በኩል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የደጋማ አካባቢዎች መልሶ ማልማት ጥናት “ደጋማ” ያለው ከ1,500 ሜትር በላይ ያለውን መሬት በሙሉ ነው። በዚህ አቆጣጠር ከአገሪቱ ስፋት 44 በመቶ ገደማው ደጋማ ሆኖ ይወጣል፤ በጊዜው ከሕዝቡ 88 በመቶ ያህሉ የሚኖረውም እዚያ ላይ ነበር።

ልብ ይበሉ፣ በዚህ አነጋገር “ደጋማ” ወይና ደጋውንም ይጨምራል። ጅማና ባሕር ዳር ሁለቱም 1,800 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ በጥናት ወረቀት ላይ ደጋማ ይባላሉ፣ ነዋሪያቸው ግን “ደጋ ነው የምኖረው” አይልም። ከግራ መጋባቱ ግማሹ የሚመጣው ከዚህች “ማ” ነው።

ታዲያ ሌላ ቦታ 1,800፣ 2,000፣ 2,300 ያነበብኩትስ?

እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ባለቤት አለው። 2,000 የወባ ቁጥር ነው፣ ዝቅ ብለን እንመጣበታለን። 2,300 ደግሞ ወይና ደጋው አልቆ “እውነተኛው” ደጋ የሚጀምርበት ነው፤ አንዳንድ ሠንጠረዥ 2,400 ወይም 2,500 ይለዋል።

1,500 እና 1,800 የሚጣሉት ግን በሙቀት ምክንያት ነው። በተለመደው የአየር ንብረት ክፍፍል ቆላ ማለት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ20 እስከ 27.5 ዲግሪ የሆነ ቦታ ነው፤ ወይና ደጋ ከ17.5 እስከ 20፣ ደጋ ከ11.5 እስከ 17.5። እስቲ እናስላው። ቦሌ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ አማካይ ሙቀቱ ወደ 16.5 ዲግሪ ነው። 100 ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይጨምራል። 20 ዲግሪ ላይ ለመድረስ 3.5 ዲግሪ መጨመር አለበት፣ ይህም ወደ 580 ሜትር መውረድ ነው። የሚደርሱት 1,770 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ወሰኑን በሙቀት የሚያሰምር ሰው ወደ 1,800 ይጠጋል፣ በከፍታ ብቻ የሚያሰምር 1,500 ላይ ይቆማል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ስህተት የሚሆነው የአንዱን የከፍታ ቁጥር ከሌላው የሙቀት ቁጥር ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ማጣበቅ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ማስታወሻ የሚገለበጠው ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

እርከኖቹን ከታች ወደ ላይ ዘርዝሩልኝ።

ከ500 ሜትር በታች በረሃ ነው፤ ያለ መስኖ እርሻ የማይታሰብበት፣ ግመልና ፍየል የሚረቡበት አገር። ከ500 እስከ 1,500 ቆላ፦ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማንጎ። ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፦ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ቡና፣ በደቡቡ እንሰት። ጤፍ ከዚህም በታች ከዚህም በላይ ይዘራል፤ የሚስማማው ግን ከ1,800 እስከ 2,100 ባለው ነው። ከ2,300 እስከ 3,200 ደጋ፦ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንች። ከ3,200 እስከ 3,700 ውርጭ ይባላል፣ ከገብስ ሌላ ብዙም አያበቅልም። ከዚያ በላይ ከፍተኛ ውርጭ ነው፤ እርሻው ቀርቶ የሚቀረው ግጦሽና ጓሳ ነው።

በግብርና ሥራ ላይ ከፍታው ብቻውን አይበቃም፤ ዝናቡ አብሮ ይጠራል። በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ደረቅ፣ ከ900 እስከ 1,400 እርጥብ፣ ከ1,400 በላይ በጣም እርጥብ ይባላል። “ደረቅ ወይና ደጋ” እና “በጣም እርጥብ ወይና ደጋ” ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አንዱ ማሽላ፣ ሌላው ቡና የሚያበቅል የተለያየ ዓለም ነው።

መለኪያ የለኝም። በዓይን እንዴት እለየዋለሁ?

ዛፉን ይዩ። አንድ ዛፍ ሊያሳስት ይችላል፣ ሦስት አራት ዓይነት በአንድ ላይ ሲታይ ግን እምብዛም አይስትም።

የነጭ እጣን ዛፍ ያለበት ኮረብታ ቆላ ነው፤ ከ1,800 በላይ አይወጣም። ጠፍጣፋ ግራር በብዛት ካለና ገደሉ ሥር ባምባ ካዩ አሁንም ታች ነዎት። ዋንዛና ወይራ አብረው ሲመጡ ወይና ደጋ ገብተዋል። ጽድ ሲበዛ ወደ ደጋው እየተጠጉ ነው፣ ኮሶ ሲጨመርበት ደጋው ላይ ነዎት። አስታ ውርጩን ይጠቁማል፣ ጅብራ ከታየ ደግሞ ጥያቄው አብቅቷል።

ሳር ቤተሰብም ይናገራል። ውስጡ ድፍን የሆነው ሽመል የቆላ ነው፣ ከ700 እስከ 1,800 ሜትር። ውስጡ ባዶ የሆነው ቀርከሃ የደጋ ነው፣ ከ2,200 በላይ። ሁለቱ ብዙ ቦታ አይገናኙም፤ በመካከላቸው የሚቀረው 400 ሜትር ያህል ክፍተት የወይና ደጋው መሐል ነው ቢባል ብዙ አያስዋሽም።

ባሕር ዛፍ ግን ሰው የተከለው ስለሆነ ምስክርነቱ ደካማ ነው። ቢሆንም ነጩ ባሕር ዛፍ ደጋውን ይወዳል፣ ቀዩ ደግሞ ሙቀትና ድርቅ ይችላል። ነጩን ቆላ ወርዶ የተከለ ሰው ችግኙ ሲጠወልግ አፈሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የከፍታው ነው።

እንስሳቱም ይረዳሉ፦ የጭነት ግመል ካለ ቆላ፣ ፈረስና ወፍራም ፀጉር ያለው በግ ካለ ደጋ። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሸለቆዎች “ከዚህ በታች በሬ አይኖርም፣ ገንዲ (በዝንብ የሚተላለፍ የከብት በሽታ) ይገድለዋል” የሚል ገበሬ ካገኙ ደግሞ የቆላውን ወሰን ከማንም ካርታ በላይ በትክክል እየነገርዎ ነው።

ወሰኑ በግልጽ የሚታይበት ቦታ አለ?

አለ፤ በምሥራቁ በኩል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የባዛልት ላቫ ተከማችቶና መሬቱ ተነሥቶ ደጋውን ሠራ፤ ኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት አምባው ለሁለት ተሰንጥቆ ጠርዙ ገደል ሆነ። ስለዚህ በዚያ በኩል ወሰኑ መስመር ሳይሆን አፋፍ ነው። ጣርማ በር 3,200 ሜትር ግድም ላይ በጭጋግ ውስጥ በዋሻው ያልፋሉ፤ በደብረ ሲና አቋርጠው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ሹራብ ያስወልቃል። ከ1,900 ሜትር በላይ ወርደዋል፤ በስሌቱ 11 ዲግሪ ያህል ልዩነት ነው። ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድም እንዲሁ ነው፦ 2,500፣ 1,850፣ 1,500፣ 500። ባቲ ልክ በ1,500 ላይ መቀመጧና የደገኛውና የአፋሩ ገበያ መሆኗ አጋጣሚ አይመስልም፤ የቆላው ግመልና የደጋው እህል የሚገናኙበት ከፍታ ነው።

በምዕራብ በኩል እንዲህ ያለ ነገር አይጠብቁ። ከጎንደር 2,100 ሜትር ተነሥቶ መተማ 700 አካባቢ እስኪደርስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። በየትኛው መታጠፊያ ቆላ እንደገቡ ሁለት ተሳፋሪዎች አይስማሙም።

ሦስተኛው ዓይነት የሚረሳው ነው፦ በደጋው መሐል ያለ ቆላ። ጎሐ ጽዮን 2,500፣ ደጀን 2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆኑ በመካከላቸው የዓባይ ድልድይ ከ1,100 ሜትር በታች ነው። ጀማ፣ በሽሎ፣ ተከዜ፣ ጊቤ ሁሉም እንዲህ ደጋውን ቆርሰው ቆላ ያስገባሉ። የአገር ካርታ ላይ ሰፊ የደጋ ቀለም የተቀባ ወረዳ ውስጥ የሚኖር ቀበሌ ቆላ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አዳማ፣ ሐዋሳና ጅጅጋ ከየትኛው ወገን ናቸው?

አዳማ 1,620 ሜትር ግድም ነው። በከፍታ ወይና ደጋ ሲሆን በሙቀት ስሌት 20.9 ዲግሪ ይወጣል፤ ያ ደግሞ ቆላ ነው። ሐዋሳ በ1,700 ልክ ወሰኑ ላይ ይቆማል። ጅጅጋ ከ1,600 በላይ ናት፤ በከፍታ ከአዳማ አታንስም፣ ግን የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ስለሆነች ሁሉም “ቆላ” ይላታል። ያቤሎም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆና የቆላ አርብቶ አደር አገር ተብላ ትጠራለች። እዚህ ላይ “ቆላማ” የሚለው ቃል ከፍታውን ትቶ አኗኗሩን እየተናገረ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ስሙ ውስጥ ያለው “ቆላማ” በዋናነት የሚያስታውሰው አርብቶ አደሩንና ከፊል አርብቶ አደሩን ነው። ስለዚህ ለመንግሥት ፕሮጀክት ማመልከቻ የምትጽፉ ከሆነ ሜትር ቆጥራችሁ “ወረዳችን ቆላማ አይደለም” ብላችሁ ራሳችሁን አታግልሉ፤ የፕሮጀክቱን የወረዳ ዝርዝር ጠይቁ።

አዲስ አበባ ራሷ ሁለት ቦታ ነች፦ አቃቂ 2,100 አካባቢ ወይና ደጋ፣ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ደጋ።

የቦታ ስም ላይ ያለው “ቆላ” እና “ደጋ” ይታመናል?

ጎረቤቱን ካወቁ ይታመናል። ቆላ ተምቤንና ደጉዓ ተምቤን ተጎራባች ናቸው። በመጀመሪያው በኩል ያለው ከተማ ዓብይ ዓዲ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሠንጠረዡ ጥርት ያለ ወይና ደጋ። ግን በደጉዓ ተምቤን፣ ሐገረ ሰላም 2,600 ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ቆላ ነው። ስሙ የሚለካው ከባሕር ጠለል ሳይሆን ከላይኛው መንደር ነው።

በአፋን ኦሮሞ ባዳ፣ ባዳ ዳሬ እና ገሞጂ ይባላሉ፤ ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ ጋር ይገጥማሉ።

ለወባ የትኛውን ከፍታ ልያዝ?

በአገር ውስጥ የጤና ሥራ የቆየው መነሻ 2,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ወባማ ተብሎ ይታሰባል። ምክንያቱ ጥገኛው በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት መፈለጉ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱን አይጨርስም። በ25 ዲግሪ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ ከ55 ቀን በላይ ይፈልጋል። ትንኟ ያን ያህል ስለማትኖር ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ግን 2,000 ግድግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ደጋማ አገር ነበር፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ያን ያህል የገደለው ሕዝቡ ወባን ስላልለመደና በሰውነቱ የመከላከል አቅም ስላልነበረው ነው። የቆላው ሰው በየዓመቱ ይታመማል፤ የወሰኑ ሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲመጣበት ግን ይብሳል። አጎበር “እዚህ አያስፈልግም” የሚባልበት ቀበሌ ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,200 ባለው ውስጥ ያለው ነው፣ አደገኛውም እሱ ነው።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለእረፍት ለሚመጡ፦ የአሜሪካ የጤና መመሪያ ጠንቀቅ ብሎ 2,500 ሜትርን ይዟል፣ አዲስ አበባን ግን ነፃ ይላታል። ስለዚህ ለሐኪምዎ “ኢትዮጵያ ነው የምሄደው” ብቻ አይበሉ፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ እንደሚያድሩ ይንገሩት። ለሁለት ሌሊትም ቢሆን ያው ነው።

ቆላ ማለት ደረቅ ማለት ነው?

አይደለም። ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ ሆኖ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብበታል። የምሥራቁ ቆላ ደረቅ፣ የምዕራቡ ርጥብ ነው።

በቆሎ የምዘራው ወሰኑ ላይ ነው። የትኛውን ዝርያ ልምረጥ?

ከመግዛትዎ በፊት የማሳዎን ከፍታ ይወቁ፤ ከዚያ ከዝርያው መግለጫ ጋር ያስተያዩ። ቢኤች-660 ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ላለው የተለቀቀ ሲሆን ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ቢኤች-540 ከ1,000 እስከ 2,000 ይሸፍናል፣ ቶሎም ይደርሳል። ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ የመልካሳ ዝርያዎች አሉ፤ መልካሳ-1 በ90 ቀን ገደማ ይደርሳል። ለደጋው ደግሞ እንደ ጅባት ያሉት ከ1,800 እስከ 2,600 ተመክረዋል።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። የደጋውን ዝርያ ቆላ ያወረደ ሰው በቆሎው ረዝሞና አምሮ ሳለ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ያልቅበታል። የቆላውን ወደ ደጋ ያወጣ ደግሞ ቀኑ ይረዝምበታል፦ በቅዝቃዜ እድገቱ ስለሚዘገይ መግለጫው ላይ “90 ቀን” ያለው ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ውርጭ ያገኘዋል። ውርጭ ደግሞ ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ስለሚፈስ ከታች ያለው ማሳ ተቃጥሎ ተዳፋቱ ላይ ያለው የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ዝቅ ያለ ሁሉ ሞቃት አይደለም።

ከፍታዬን በስልክ ለካሁት፤ እያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ቁጥር ይሰጠኛል።

ጂፒኤስ ከአግድሙ ይልቅ በከፍታ ላይ በብዙ ይስታል። ቤት ውስጥ ወይም ገደል ሥር ሆነው አይለኩ። ሰማዩ ክፍት የሆነበት ቆመው አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ አምስት ጊዜ አንብበው የመሐለኛውን ይያዙ። 20 ሜትር ቢስት አይጨነቁ፣ ሙቀቱን የሚለውጠው በ0.12 ዲግሪ ብቻ ነው። በአየር ግፊት የሚለኩ ሰዓቶችና ስልኮች ደግሞ አየሩ በተለወጠ ቁጥር ይንሸራተታሉ፤ ጠዋት ከፍታው የታወቀ ቦታ ላይ አስተካክለው ይጀምሩ።

የወረዳዬን የ1,500 መስመር በኮምፒውተር ማስመር እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከመንኮራኩር የተለካው የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ በነፃ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር ያህል ይሸፍናል። በኪው ጂአይኤስ (በነፃ የሚገኝ የካርታ ፕሮግራም) ይክፈቱት፣ በወረዳው ወሰን ይቁረጡት፣ ከዚያ “1,500 እና ከዚያ በላይ” ብለው ለሁለት ይክፈሉት። ውጤቱ መጀመሪያ ያስደነግጣል፦ መስመሩ በየወንዙ እየገባ ይጠማዘዛል፣ ጥቃቅን ደሴቶች ይረጫሉ። ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ያሉትን ያጥፉ፣ ነገር ግን ወንዙን ተከትሎ የሚገባውን ረጅም ምላስ አይቁረጡ፤ እሱ እውነተኛ ቆላ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ስፋቱን በዲግሪ ላይ ሆኖ ማስላት ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዩቲኤም (በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት) ይቀይሩት፣ የአገሪቱ መሐል 37ኛው ዞን ነው፣ ምዕራቡ 36፣ ምሥራቁ 38። ሁለተኛው ከድሮዎቹ የ1 ለ50,000 ካርታዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ነው፦ እነሱ አዲንዳን በተባለ የካርታ መለኪያ መነሻ (datum) የተሠሩ ናቸው፣ የሳተላይቱ ግን በሌላ። ካልቀየሩት ካርታው 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ አፋፍ ላይ ግን ደጋው መንደር ገደሉ ውስጥ ወድቆ ይታያል።

ወሰኑ ወደ ላይ እየወጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሙቀቱን ከተከተልን አዎ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። በ0.6 ሲካፈል 200 ሜትር ከፍ ማለት ነው፤ ያኔ 1,800 ላይ የነበረው የአየር ጠባይ ዛሬ 2,000 ላይ ይገኛል እንደ ማለት። ዝናቡ፣ አፈሩና ዛፉ ግን እኩል አይራመዱም። ወባ ይፈጥናል፤ በደብረ ዘይት አካባቢ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በሞቃታማ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚመለስ አሳይቷል። ጽዱና ወይራው ግን አንድ ትውልድ ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ በዛፍ የሚለይ ሰው የአያቱን ዘመን ወሰን እያየ ሊሆን ይችላል።

ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው?

አዎ፣ በከፍታው። 300 ሜትር በወጡ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር 96 አካባቢ ላይ። እሳቱን ቢያበዙት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ ድስቱን ክዳኑ ገጥሞ ድንጋይ ይጫኑበት፣ ካለዎት በእንፋሎት ድስት ይቀቅሉት።